አይይዛችሁም ብለን ነበር፦ ስለ ኮሮና ክትባትና ስለ ኦሚክሮን ለጤና ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ባሕር ዳር፣ ጥር 2014 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ የክትባቱን ሥራ ለምትመሩ የጤና ኃላፊዎች፣
ግልባጭ፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ነዋሪ በሙሉ

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

እኛ በጣና ዳር ቀበሌዎች ቤት ለቤት የምንዞር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ነን። አሥራ አንድ ነን። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሌሎቹ አንብበው፣ አንዳንዱን አርመው ተስማምተውበታል።

ለመጻፍ ያነሣሣን ከጥምቀት በኋላ በነበረው ስብሰባ የተሰጠን ትእዛዝ ነው። ስለ አዲሱ የኮሮና ዝርያ ስለ ኦሚክሮን ሰው ከጠየቃችሁ «ክትባቱ ይከላከላል» በሉ፤ ዝርዝር ውስጥ አትግቡ፤ ሕዝቡን አታደናግሩ ተባልን። ከመሃላችን አንዷ እጇን አውጥታ «የተከተቡትም እየታመሙ ነው፤ ምን እንበላቸው?» ብላ ጠየቀች። ሰዓት የለም ተብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

ሕዝቡ ግን ግራ ከተጋባ ቆይቷል። በር ስናንኳኳ የሚገጥመንን እናንተ አታዩትም። ስለዚህ ያየነውን በየተራ እንንገራችሁ።

አንደኛው የካርዱ ነገር ነው።

በኅዳሩ ዘመቻ በድምፅ ማጉያ ስንዞር የተሰጠን መልእክት አንድ ነበር። «ተከተቡ፣ ኮሮና አይይዛችሁም።» እኔ ራሴ በገበያው፣ በመናኸሪያው፣ በጀልባ ማቆሚያው ድምፄ እስኪዘጋ ብዬዋለሁ። ወደ ዘጌ ሰው የሚያመላልስ አንድ ጀልባ ነጂ ያን ሰምቶ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ተከተበ። ጆንሰን የሚባለው ክትባት ነበር የደረሰው፤ አንድ ዶዝ። ጓደኞቹንም ጎትቶ ያመጣልኝ እሱ ነው።

በታኅሣሥ ያ ጉንፋን የሚመስለው ነገር ከተማውን ሲያዳርስ እሱም ታመመ። ከገና በኋላ ቀበሌ ካለችው ክፍሌ መጣ። ካርዱን ከደረት ኪሱ አወጣ። በፌስታል ጠቅልሎት ነበር፤ ያም ሆኖ ጠርዙ ረጥቧል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው።

«እህት ዓለም፣ ይኼ አንቺ ዘንድ ይቀመጥ» አለኝ።

«ምነው?»

«አይይዝህም ብለሽኝ አልነበር? አምስት ቀን ሙሉ ጉልበቴን ሰብሮ አልጋ ላይ ጣለኝ። ሥራ ፈታሁ። ልጄንም አላመጣትም። እናንተን ማመን ትቻለሁ።»

ልጁ ዘጠኝ ወሯ ነው። የኩፍኝ ክትባቷ ደርሷል።

ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ብዬዋለሁ።

ለዚህ ሰው ከመጀመሪያው መነገር የነበረበት ነገር ከባድ አይደለም። ሰው ስለ በሽታ ሲጨነቅ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንዱ «ይይዘኛል ወይ?» ነው። ሌላው «ከያዘኝ ምን ያደርገኛል?» ነው። እኛ ሁለቱን ጨፍልቀን ባንድ ቃል መለስን። በመጀመሪያው ዝርያ ጊዜ ይኼ ብዙም አላሳፈረንም። ኦሚክሮን ሲመጣ ግን የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ተለያየ።

ምክንያቱ ይታወቃል። ክትባቱ ሰውነታችንን በዋናነት የሚያስተምረው በቫይረሱ ላይ ያለውን እሾህ መሳይ ክፍል እንዲለይ ነው። ኦሚክሮን በዚያ ክፍሉ ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ይዞ መጣ። ደማችን ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት የለመዱት የድሮውን መልክ ነው፤ አዲሱን በቅጡ አይለዩትም። ስለዚህ ቫይረሱ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ቶሎ ይሰፍራል። ትኩሳቱ፣ የራስ ምታቱ፣ ጉልበት የሚሰብረው ሕመም ይመጣል። ሰውነት ግን ሌላም ዘብ አለው። ቲ ሴል የሚባሉት ሕዋሳት ቫይረሱን የሚያውቁት በብዙ ቁርጥራጩ ነው። ከነዚያ ቁርጥራጮች አብዛኞቹን ኦሚክሮን አልቀየራቸውም። በሽታው ወደ ሳንባ ወርዶ ሰውን ከኦክስጅን ጋር እንዳያቆራኘው ከሚታገሉት ዋናዎቹ እነሱ ናቸው።

ቁጥሩም ይኼንኑ ይላል። ደቡብ አፍሪካ ስለ ዝርያው ለዓለም ጤና ድርጅት ያሳወቀችው ኅዳር 15 ነው። በሁለት ቀኑ ድርጅቱ ኦሚክሮን የሚል ስም ሰጥቶ አሳሳቢ ከሚላቸው ዝርያዎች ጋር መደበው። ታኅሣሥ 5 ደግሞ እዚያው ደቡብ አፍሪካ ያለው ዲስከቨሪ ሄልዝ የተባለ የጤና መድን ድርጅት የደንበኞቹን መረጃ አጥንቶ ይፋ አደረገ። ሁለት ዶዝ ፋይዘር የወሰዱ ሰዎች ቀድሞ በቫይረሱ ከመያዝ 80 ከመቶ ይጠበቁ ነበር። በኦሚክሮን ጊዜ ይኼ ወደ 33 ወረደ። ሆስፒታል ከመተኛት የሚጠበቁት ግን ከ93 ወደ 70 ከመቶ ነው የወረደው። ከሦስት ወር ዘመቻ በላይ የሚያስረዳ ነገር ነው። መያዙ ብዙ አልቀረም። መተኛቱ በብዙው ቀርቷል።

እርግጥ የእኛ ሰው በብዛት የወሰደው ፋይዘር አይደለም። በ2013 የካቲት መጨረሻ ወደ አገራችን የገባው የመጀመሪያው 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ ነበር። ሲኖፋርምና ጆንሰን ከዚያ ወዲህ ነው የመጡት። ስለዚህ 70 ከመቶውን እንዳለ ገልብጬ ለጀልባ ነጂው ልሰጠው አልችልም። እንግሊዝ ውስጥ አስትራዜኒካ በብዙ ሕዝብ ስለተወሰደ የእነሱን መረጃ ማየት ይጠቅማል። የእንግሊዝ ጤና ባለሥልጣናት በታኅሣሥ እንዳወጡት፣ ሁለት ዶዝ አስትራዜኒካ ወስዶ ወራት ያለፉት ሰው ምልክት ከሚያሳይ የኦሚክሮን ሕመም የሚጠበቅበት አቅም ከምንም አይቆጠርም። ሦስተኛ ዶዝ ፋይዘር ሲጨመርለት ከ60 እስከ 70 ከመቶ ገደማ ይመለሳል፤ እሱም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሶ መውረድ ይጀምራል። ሆስፒታል ከመተኛት ግን ሦስት ዶዝ የወሰደውን ሰው 88 ከመቶ ያህል ይጠብቀዋል ብለዋል።

ይኼን አስቀድሞ የሰማ ሰው ሲታመም አይደነግጥም። ካርዱንም አይመልስም።

ሕዝቡ ይኼ ሁሉ አይገባውም ትሉ ይሆናል። ይገባዋል። ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር ታንኳቸውን ጸሐይ ላይ ያወጡ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ጋ ቆሜ ነበር። ሁለቱንም ዶዝ የወሰዱት በ2013 ነው። «ልጄ፣ ያ መርፌ እስካሁን ይሠራል?» አሉኝ። እዚያ ስብሰባ ላይ የተባልኩትን ትቼ እንደሆነው ነገርኳቸው። ጊዜ ሲሄድ እንደሚደክም፣ ቫይረሱም መልኩን እንደቀየረ፣ ሦስተኛ ዶዝ መልሶ እንደሚያበረታው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ የታንኳቸውን ደንገል በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ውኃ ፊጭ አለ።

«ይኸው እሷም እንዲሁ ናት» አሉ። «አዲስ ስትሆን ቀላል ናት። ውኃ እየጠጣች ትከብዳለች። አውጥቼ አደርቃታለሁ፣ ደንገል እጨምርላታለሁ። ከበደች ብዬ በዋና አልሄድም።»

ወዲያው «ሦስተኛው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ማንን አስቀደምን የሚለው ነው። ከሁሉም የሚከብደን እሱ ነው።

የተሰጠን ኮታ የሰው ቁጥር ብቻ ነበር። ዕድሜ የለበትም፣ በሽታ የለበትም። በቀን ይኼን ያህል ሰው ከትባችሁ ሪፖርት አድርጉ፣ አለቀ። ኮታ ቶሎ የሚሞላው ደግሞ ወጣት ባለበት ነው። ኮሌጅ በር፣ ባጃጅ ተራ፣ የሕንፃ ግንባታ ቦታ። ጠረጴዛ ዘርግተን ቀኑን ሙሉ ስንከትብ ውለን ማታ ቁጥር እንልካለን። ቁጥሩ ያምራል። ተመስግነንበታል።

በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማቾች በዚሁ መንገድ ተከተቡ። ታላቁ ባጃጅ ይነዳል፣ ታናሹ ተማሪ ነው። እናታቸው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። እግራቸው ስለሚያብጥ ከደጅ አይወጡም። ወደ መከተቢያው መሄድ አልቻሉም። ቤታቸው ስሄድ «ልጄ፣ እዚሁ አምጥተሽ ውጊኝ» አሉኝ። ክትባቱ ከመከተቢያው አይወጣም ተብዬ ነበር። «ዘመቻው ይለፍና እንመጣለን እማማ» አልኳቸው።

በታኅሣሥ ልጆቹ ሳል ጀመራቸው። ተከትበናል፣ ኮሮና ሊሆን አይችልም አሉ። ጭምብል አላደረጉም። ከእናታቸውም አልራቁም። አይይዛችሁም ያልናቸው እኛ ነን። ልጆቹ በሦስት በአራት ቀን ተነሡ። እናትየው በሳምንቱ መተንፈስ አቃታቸው። ሆስፒታል ገቡ፣ ኦክስጅን ተደረገላቸው፣ ምርመራውም ኮሮና ነው አለ። አልተመለሱም።

ከማን እንደያዛቸው በእርግጥ የሚያውቅ የለም። በዚያ ሳምንት ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ ነበር፤ ከጦርነቱ የተፈናቀሉ ዘመዶችም ነበሩበት። ለቅሶ ስደርስ ግን ታላቁ ልጅ «እኔ ነኝ ያመጣሁባት» አለኝ። የእናቱን ነጠላ ጭኑ ላይ አድርጎ ያጣጥፈዋል፣ መልሶ ይዘረጋዋል፣ ደግሞ ያጣጥፈዋል። አይደለህም ልለው ፈለግሁ። እኛ ነን ልለውም ፈለግሁ። ሁለቱንም ሳልል ወጣሁ።

ይኼ ሐዘን ብቻ አይደለም፤ ስሌትም አለበት። ስሌቱን እንድታዩልን እንለምናለን። የምጠቀምበት ቁጥር ለማስረዳት የወሰድኩት ነው፣ የጥናት ውጤት አይደለም። ካልተከተቡ 100 አረጋውያን ውስጥ 10 ሆስፒታል ይገባሉ እንበል። ካልተከተቡ 10,000 ወጣቶች ውስጥም 10 ይገባሉ እንበል። ክትባቱ ሁለቱንም እኩል 70 ከመቶ ቢጠብቅ፣ ከየአሥሩ 7 ይተርፋሉ። ለሰባቱ አረጋውያን 100 ሰው ከተብን። ለሰባቱ ወጣቶች ግን 10,000 ሰው መከተብ አለብን። ክትባቱ አንድ ነው፣ ከመቶው አንድ ነው፤ ሰው ግን አንድ አይደለም። የኮሮና አደጋ በዕድሜ ላይ እየተቆለለ እንደሚሄድ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ይታወቃል። ስኳር፣ የልብ በሽታ፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ችግር ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ነፍሰ ጡሮችም ከእኩዮቻቸው የባሰ ሊታመሙ ይችላሉ። ያለን ብልቃጥ ጥቂት ከሆነ ከእነዚህ መጀመር ነበረብን። ወጣቱ አይከተብ አላልንም። እማማ ቀድመው ይከተቡ ነው ያልነው።

ሦስተኛው የብልቃጡ ጉዳይ ነው። አጭር ነው።

አስትራዜኒካ አንዱ ብልቃጥ 10 ዶዝ ይይዛል። አንዴ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ዐሥር ሰው ካልሞላ አትክፈቱ ተባልን። አንዲት እማሆይ ከደቅ ደሴት በጀልባ መጡ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። እስከ ከሰዓት ስድስት ሰው ብቻ መጣ። ጀልባው ሊነሣ ሆነ። «እግዜር ይስጥልን፣ ሌላ ጊዜ» ብለው ሄዱ። ሌላ ጊዜ ግን አልመጡም። ለስድስት ሰው ሰጥተን አራት ዶዝ ብንደፋ ይሻለን ነበር ብለን እናምናለን። አራት ዶዝ መድፋት ያሳዝናል። እማሆይን ባዶ እጃቸውን መመለስ ግን የበለጠ ያሳዝናል።

ደግሞስ ለምን ወደ ደቅ እኛው አንሄድም? ክትባቱ የሚፈልገው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ነው። የልጆች ክትባትም በዚያው ቅዝቃዜ ነው የሚያዝ። የበረዶ ሣጥኑን በትከሻችን አንግተን በጀልባ መሄድ እናውቅበታለን።

አራተኛው ወሬው ነው። ወሬ ስንል ሁሉም ውሸት አይደለም። ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ ስልክ ይደወልለታል። «እንግሊዝ ሆስፒታል የተኙት አብዛኞቹ የተከተቡ ናቸው» ይባላል። ይኼ በየቤቱ ቀርቦልኛል። ውሸት ነው ብዬ ብመልስ ነገ ዜናውን አውጥተው ያሳዩኛል። ስለዚህ እንደምንም ራሴን አስተምሬ በባቄላ ማስረዳት ጀመርኩ። በሰፌድ ላይ። 1,000 አረጋውያን አሉ በሉ። 900ው ተከትበዋል፣ 100ው አልተከተቡም። ካልተከተቡት 10 ሆስፒታል ይገባሉ። ከተከተቡት ከየመቶው 3 ይገባሉ፤ ዘጠኝ ጊዜ ሦስት፣ 27። ሆስፒታል የተኙትን የሚቆጥር ሰው 37 ያያል። 27ቱ የተከተቡ ናቸው፤ ከአራቱ ሦስቱ ማለት ነው። ክትባቱ ግን እየሠራ ነው። ማንም ባይከተብ ኖሮ የሚተኛው 37 ሳይሆን 100 ሰው ነበር። ባቄላው እጃቸው ላይ ሲገባ ሴቶቹ «አሃ» ይላሉ። አንዷማ ራሷ ወስዳ ለጎረቤቷ ደገመችላት። ይኼን ዓይነት ነገር ከእናንተ መምጣት ነበረበት። እኛ ከሽሮ ባቄላ ላይ ነው የፈጠርነው።

«አንዴ ይዞኛል፣ አይደግመኝም» የሚሉም ብዙ ናቸው። በነሐሴና በመስከረም ታመው የነበሩ ሰዎች በታኅሣሥ ደግሟቸው አይተናል። የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎችም ኦሚክሮን ቀድሞ የታመመን ሰው መልሶ የመያዝ አቅሙ ከቀደሙት ዝርያዎች የበረታ መሆኑን በኅዳር ወር አሳይተዋል። ለእነዚህ ሰዎች የምንለው ቀላል ነው። ቀድሞ መታመምህ ባዶ አይደለም፤ ክትባት ሲጨመርበት ይጠነክራል። ሆን ብሎ ታሞ መከላከያ ማግኘት ግን በተለይ ለትልቅ ሰው ቁማር ነው።

ዝንጅብሉንም፣ ነጭ ሽንኩርቱንም፣ በባሕር ዛፍ መታጠኑንም ሰው አይተውም። እኔም እናቴ ስታፈላልኝ እጠጣለሁ፤ ጉሮሮ ያሞቃል። ከዚያ ያለፈ ተስፋ ግን አይጣልበት። ኦሚክሮን ከእሱ በፊት ከነበረው ዝርያ ከዴልታ ቀለል ይላል የሚባለውም እውነትነት አለው። ቀለል ያለው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ያልተከተቡት እማማ አልቀለላቸውም።

አምስተኛው ስለ እኛው ነው። ብዙ አንልበትም።

በ2013 ክትባቱ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተከታቢዎች ነበርን። ህንድ ክትባት ወደ ውጭ መላክ ስታቆም ሁለተኛው ዶዝ ዘገየብን፤ በኋላ ወሰድን። ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል። በታኅሣሥ ከአሥራ አንዳችን ሰባታችን ታመምን። ማንም ሆስፒታል አልገባም። ይኼን ለክትባቱ እንደ ማስረጃ ለሰው አልናገረውም። አብዛኞቻችን ወጣቶች ነን፤ ባንከተብም ብዙዎቻችን ይሻለን ነበር። የሚያስጨንቀን ሌላ ነው። ከመታመማችን በፊት በነበሩት ቀናት የስንት አረጋዊ ደጅ ረግጠናል? ምርመራ ስንጠይቅ መሣሪያው አልቋል ተባልን። ፈቃድ ስንጠይቅ ዘመቻ ላይ ነን ተባልን። የተሰጠንን ጭምብል እያጠብን ነው የምናደርገው፤ ያ ጭምብል ደግሞ የሚታጠብ አልነበረም።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ ይኼን ነው።

ከሁሉ በፊት መልእክቱ ይስተካከል። «አይይዛችሁም» የሚለው ቃል ከድምፅ ማጉያውም፣ ከባነሩም፣ ከእኛም አፍ ይውጣ። በምትኩ የሚነበበውን እኛ ጽፈን አያይዘናል። አሻሽሉት፣ ግን አታሳጥሩት። እንዲህ ይላል፦

«ክትባት ብትወስዱም ኮሮና ሊይዛችሁ ይችላል። አዲሱ ዝርያ የተከተበውንም ይይዛል። የተከተበ ሰው ግን በጠና የመታመሙ፣ ሆስፒታል የመተኛቱና የመሞቱ ዕድል ካልተከተበው በጣም ያነሰ ነው። የክትባቱ አቅም በወራት ውስጥ ይደክማል፤ ተጨማሪ ዶዝ መልሶ ያበረታዋል። ዕድሜያችሁ የገፋ፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ አስቀድማችሁ ተከተቡ። ተከትባችሁ ካሳላችሁ ወይም ካተኮሳችሁ ጭምብል አድርጉ፤ ከአረጋውያን ራቁ። ለእነሱ ልታስተላልፉ ትችላላችሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አታውጡብን። ያን ነጠላ እያየሁ ነው የጻፍኳት።

ቀጥሎ ኮታው በሰው ቁጥር ብቻ አይሁን። ከስድሳ ዓመት በላይ የሆኑት ስንቱ ተከተቡ፣ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ስንቱ ተከተቡ የሚል መሥመር በሪፖርት ቅጻችን ላይ ይጨመር። ዝርዝሩ በእጃችን ነው፤ የማን ቤት ማን እንደተኛ እናውቃለን። የጎደለን ፈቃድ ነው። ከደጅ ለማይወጡ ሰዎች ቤታቸው ሄደን እንድንከትብ ይፈቀድልን። ወደ ደቅና ወደ ዘጌ በወር አንድ ቀን ጀልባ ይመደብልን። ቀኑ አስቀድሞ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ይነገር። ሰው ቀኑን ካወቀ ዐሥሩም ይሞላል።

አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ከፊታችን ከተቀመጠ ዐሥር ሰው ሳይሞላም ብልቃጡን እንድንከፍት በጽሑፍ ይፈቀድልን። በቃል አይበቃም። በቃል የተፈቀደ ነገር በሱፐርቪዥን ቀን ብክነት ተብሎ በስማችን ላይ ይጻፋል።

ሦስተኛ ዶዝ ለማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ዓይነት እንደሚሰጥ ግልጽ ወረቀት ይድረሰን። ከሌለ የለም በሉን፤ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ የለም የሚለውን ይችሉታል። እኛም እየዞርን ስለምንሠራ መቼ እንደሚደርሰን ንገሩን። በየወሩ በቂ ጭምብል፣ የታመመች ባለሙያ የምትመረመርበት መንገድና ቤቷ የምትቀመጥበት ፈቃድ ይኑር።

በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት ስጡን። አዲስ ነገር የሚያውቅ አንድ ሐኪም መጥቶ ጥያቄያችንን ይመልስ። ቫይረሱ ነገም ይለወጣል። ሌላ ዝርያ ሲመጣ ከሕዝቡ ጋር አብረን በስልክ ወሬ እንዳንሰማው።

በመጨረሻ አንድ ከባድ ነገር እንጠይቃለን። በኅዳር የተነገረው ስሕተት እንደነበር እናንተም ውጡና ተናገሩ። እኛ በየቤቱ ይቅርታ እየጠየቅን ነው። ለእነዚያ ወንድማማቾችም ሄጄ ነግሬያቸዋለሁ። ግን እኛ በር ላይ ቆመን የምንለው ከላይ በሚነገረው ካልተደገፈ ሰው ሁለት ልብ ይሆናል።

የጀልባ ነጂው ካርድ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ጸሐይ ላይ አድርቄዋለሁ፤ ቤንዚን መሽተቱን ግን አልተወም። ቅዳሜ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ይዤለት እሄዳለሁ። የልጁ ኩፍኝ እንዳያልፍባት መነጋገር አለብን። ከዚያ በፊት የተስተካከለው ወረቀት፣ ማኅተም ያለበት፣ በእጄ ቢገባ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

በባሕር ዳር የጣና ዳር ቀበሌዎች የሚሠሩ አሥራ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችን በመወከል፣
አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ